የራስን ፓች ይዞ መዝለቅ፤ ነፃ የፒዲኤፍ ሶፍትዌርና የጋምቤላ ፊደላት

ጋምቤላ ከተማ ተቀምጣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ የኑዌር ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ረቂቅ የምታርም አንዲት የቋንቋ ባለሙያ እናስብ። ረቂቁ የደረሳት በፒዲኤፍ ነው። ላፕቶፗ የሚሠራው በሊኑክስ ሲሆን፣ ሰነዱን የምታነብበትና የኅዳግ ማስታወሻ የምትጽፍበት ፕሮግራም ኦኩላር ይባላል፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ የተገኙ ናቸው። የተሳሳተውን ቃል በቢጫ ታቀልማለች፤ ከዚያም በገጹ ላይ ጽሑፍ የሚያስገባውን መሣሪያ መርጣ ትክክለኛውን ቃል ከጎኑ ትጽፋለች። ሰነዱን አስቀምጣ ደግማ ስትከፍተው ግን ከእርማቱ ከፊሉ ፊደል ጠፍቶ፣ ከፊሉ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ታገኘዋለች።

ፕሮግራም መጻፍ የሚችል የሥራ ባልደረባዋ የሶፍትዌሩን ምንጭ ኮድ አውርዶ፣ ችግሩ ያለበትን ቦታ ፈልጎ፣ ጥቂት መስመሮችን ለውጦ እንደገና ይገነባውና ይሰጣታል። እርማቱ አሁን በትክክል ይታያል። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮምፒውተሩ በተለመደው መንገድ ራሱን ሲያድስ፣ አዲሱ ዕትም የባልደረባዋን ሥራ ጠርጎ ይተካዋል። የጥያቄ ምልክቶቹ ይመለሳሉ። ባልደረባዋም በዚያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ ያደረገውን ለውጥ የት እንዳስቀመጠው ላያስታውስም ይችላል።

ባለሙያዋ ለማስረጃነት የቀረበች ናት፤ ችግሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ነው። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ትልቁ ጥቅም ማንም ሰው ለራሱ እንደሚስማማው ሊለውጠው መቻሉ ነው ሲባል ደጋግመን እንሰማለን። ይህ እውነት ነው። ብዙም የማይነገረው ግን ለውጡን ማድረግ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ለውጡን ይዞ መኖር የዓመታት ሥራ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ለውጥ በባለሙያዎቹ ቋንቋ ፓች ይባላል፤ በልብስ ላይ እንደሚደረግ መጣፊያ ማለት ነው። ልብሱ ሳይለወጥ እስከቆየ ድረስ መጣፊያው አያስቸግርም። ሶፍትዌር ግን በየወሩ አዲስ ልብስ የሚለብስ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ፊደሎቹ ለምን እንደሚጠፉ እንመልከት። ፒዲኤፍ አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ የሰነድ ቅርጽ ነው። በዚህ ቅርጽ ውስጥ የገጹ ጽሑፍና አንባቢ የሚጨምረው ማስታወሻ በተለያየ ቦታ ይቀመጣሉ። ማስታወሻው ከገጹ በላይ እንደተነጠፈ ስስ ወረቀት ነው ብንል አንሳሳትም። ማቅለሚያው የአራት ማዕዘን መጋጠሚያ ነጥቦችን ብቻ ይመዘግባል። በእጅ የተሠመረ መስመር የነጥቦች ሰንሰለት ነው። ተጠቅሎ የሚቀመጠው ማስታወሻ፣ ማለትም ጠቅ ሲደረግ የሚከፈተው ትንሽ ሳጥን፣ ጽሑፉን በዩኒኮድ ስለሚይዝ አማርኛም ሆነ ኑዌርኛ ያለ ችግር ይቀበላል።

ችግር ያለው በቀጥታ በገጹ ላይ በሚታየው ጽሑፍ ነው። ይህ ዓይነቱ ማስታወሻ ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ አንደኛው የተጻፈው ቃል ሲሆን ሁለተኛው ቃሉ እንዴት እንደሚሣል የሚገልጽ ሥዕላዊ መመሪያ ነው። ለሥዕሉ ፎንት ያስፈልጋል። ፒዲኤፍ ከጥንት ጀምሮ ማንኛውም አንባቢ ፕሮግራም ያውቃቸዋል ተብለው የተመደቡ 14 መደበኛ ፎንቶች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ የምልክት ፎንቶች ሲሆኑ የቀሩት የምዕራብ አውሮፓን የላቲን ፊደላት ብቻ የያዙ ናቸው። ብዙ ነፃ ፕሮግራሞች ለረጅም ጊዜ የተመረኮዙት በእነዚህ ላይ ነበር። ለእንግሊዝኛና ለፈረንሳይኛ ይበቃሉ። ‹‹ሀ›› ብሎ የጀመረ ሰው ግን ባዶ ሳጥን ያያል።

ፎንቱን በሌላ ፎንት ስም መተካት መፍትሔ ይመስላል፤ አይደለም። በፒዲኤፍ ቀላል ፎንት የሚባለው ቢበዛ 256 ቁምፊዎችን ብቻ ነው የሚያስተናግደው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ የተመደቡለት ቁምፊዎች 345 ነበሩ፤ የጉራጊኛና የሌሎች ቋንቋዎች ተጨማሪ ፊደላት ከዚያ በኋላ በየዓመታቱ ተቀላቅለዋል። ስለዚህ ትክክለኛው መፍትሔ ብዙ ቁምፊ የሚይዘውን ጥምር ፎንት ሰነዱ ውስጥ መክተት፣ እያንዳንዱ ሥዕል የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚያሳይ ሠንጠረዥም አብሮ ማስቀመጥ ነው። ሠንጠረዡ ካልተቀመጠ ጽሑፉ ይታያል፤ ነገር ግን ሊፈለግም ሆነ ሊገለበጥ አይችልም። (በ1990ዎቹ የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን ለሁለት ከፍለው ወይም ቅርጹን ከቁርጥራጭ እየገጣጠሙ ይሠሩ የነበረው በዚሁ የ256 ወሰን ምክንያት ነበር። በዚያ ዘመን ተዘጋጅተው በፒዲኤፍ የተቀመጡ ጋዜጦችንና አዋጆችን ከፍቶ አንድ አንቀጽ ለመገልበጥ የሞከረ የሕግ ባለሙያ ምን ዓይነት የላቲን ትርምስ እንደሚያጋጥመው ያውቃል።)

አማርኛ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ ያለው ራሱን የቻለ ቅርጽ ስለሆነ ፎንቱ ከተገኘ ሥራው አለቀ ማለት ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ እንደመሆኑ የጋምቤላ የቢሮ ሰነዶች ጉዳይ በዚህ ይቃለላል። የኑዌር፣ የአኙዋና የመዠንግር ቋንቋዎች ግን በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ነው። ላቲን ከሆነማ ችግር ሊኖር አይገባም ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። የኑዌር አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ ሱዳን ሬጃፍ በተካሄደው የቋንቋ ጉባዔ ከተመረጡት ቋንቋዎች የጽሕፈት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ ጅራት ያለው ‹‹ኤን››፣ የተከፈተ ‹‹ኢ››፣ የተከፈተ ‹‹ኦ›› እና የመሳሰሉትን ይጠቀማል። በትንፋሽ የሚነገሩ አናባቢዎች ከሥራቸው ሰረዝ ይደረግባቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ ከላያቸው ሁለት ነጥብ ይሸከማሉ። ሁለት ነጥብ ያለው ‹‹ኤ›› ጀርመኖችም ስለሚጠቀሙበት በ14ቱ ፎንቶች ውስጥ አለ። ሁለት ነጥብ ያለው የተከፈተ ‹‹ኢ›› ግን በዩኒኮድም ቢሆን አንድ ወጥ ኮድ የለውም፤ ፊደሉና ነጥቡ ለየብቻ ተጽፈው በሥዕል ጊዜ መጋጠም አለባቸው። ይህን መጋጠም የማያውቅ ፕሮግራም ነጥቡን ከፊደሉ አጠገብ ያንሳፍፈዋል፤ ወይም ከሌላ ፊደል ራስ ላይ ይጥለዋል። ሰረዝ ያለውና የሌለው አናባቢ የቃሉን ትርጉም በሚለውጥበት ቋንቋ እርማቱ ራሱ ስሕተት ሆኖ ለማተሚያ ቤት ይደርሳል ማለት ነው።

‹‹ታዲያ በኢንተርኔት በነፃ ፒዲኤፍ የሚያርሙ ድረ ገጾች ሞልተው የለም ወይ?›› የሚል ጥያቄ ይነሳል። አሉ። ሰነዱን ግን ወደ ማይታወቅ ሰው ኮምፒውተር መላክን ይጠይቃሉ። ጋምቤላ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን የምታስተናግድ ክልል ናት፤ በየቢሮው ከሚዘዋወሩት ፒዲኤፎች ውስጥ የሰዎች ስም፣ የጤና ሁኔታና የቤተሰብ ዝርዝር የያዙ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ኢንተርኔቱም ሁልጊዜ አይኖርም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ የረሳ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም አስፈላጊነቱ እዚህ ላይ ነው።

ወደ ፓቹ እንመለስ። ፓች በጥሬው ሲታይ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ዲፍ የተባለው ፕሮግራም ሁለት የጽሑፍ ፋይሎችን አወዳድሮ ልዩነታቸውን ብቻ ያወጣል፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የተሠራ ነው። ላሪ ዎል የተባለው ፕሮግራመር ደግሞ፣ በኋላ ፐርል የተሰኘውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን የልዩነት ዝርዝር መልሶ በሌላ ሰው ኮፒ ላይ የሚያስገባ ፕሮግራም ጻፈና ‹‹ፓች›› አለው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፕሮግራመሮች ሙሉውን ሶፍትዌር ሳይላላኩ ለውጡን ብቻ መለዋወጥ ቻሉ።

የፓች ፋይል ውስጥ የሚቀነሱት መስመሮች በመቀነስ ምልክት፣ የሚጨመሩት በመደመር ምልክት ይጀምራሉ። ከለውጡ በላይና በታች በተለምዶ ሦስት ሦስት ያልተለወጡ መስመሮች አብረው ይቀመጣሉ። እነዚህ አጃቢ መስመሮች እንደ ሰፈር ምልክት ያገለግላሉ፤ ‹‹ከወፍጮ ቤቱ አልፎ፣ ከዋርካው ሥር›› ብሎ ቤት እንደማሳየት ነው። መስመሮቹ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ቢንሸራተቱ ፕሮግራሙ በአጃቢዎቹ እየተመራ ቦታውን ያገኛል። ዋርካው ከተቆረጠ ግን ፓቹ ‹‹አልገባም›› ይልና ያልገባውን ክፍል ለብቻው በፋይል አስቀምጦ ለባለቤቱ ይተውለታል።

ይህ የሚታይ ችግር ስለሆነ ከሁሉ የቀለለው ነው። የሚከፋው ፓቹ ያለ ምንም ተቃውሞ ገብቶ ትርጉሙ የተለወጠ እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ባልደረባችን የጨመረው ትእዛዝ የፎንቱን መጠን በነጥብ ይቆጥር ነበር እንበል፤ የሶፍትዌሩ ባለቤቶች ደግሞ በሌላ ፋይል ውስጥ መለኪያውን ለወጡት። አጃቢ መስመሮቹ አልተነኩም፤ ፓቹ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ይገነባል፤ እርማቱ ግን ገጹን ያለብሰዋል ወይም በዓይን የማይታይ ነጥብ ይሆናል። ማሽን ይህንን አይነግርም። ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

በፒዲኤፍ ሶፍትዌሮች ታሪክ ውስጥ የራስን ፓች መሸከም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌ ኤክስፒዲኤፍ ነው። ይህ ፕሮግራም ዴሪክ ኑንበርግ በተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ተጽፎ ወጣ። ነፃና ጥሩ ስለነበረ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ኮዱን ገልብጠው ወደ ራሳቸው አስገቡት፤ የኬዲኢውና የግኖም ፒዲኤፍ ማንበቢያዎች፣ የማተሚያ አገልግሎት የሚሰጠው ከፕስ ሳይቀር። እያንዳንዱ ለራሱ የሚስማማውን ለውጥ በኮፒው ላይ አደረገ። ከዚያም በኤክስፒዲኤፍ ኮድ ውስጥ የደኅንነት ቀዳዳዎች ሲገኙ አንዱ ጥገና በሁሉም ኮፒዎች ላይ ለየብቻ መደገም ነበረበት፤ ኮፒዎቹ ደግሞ ከዋናው ስለራቁ ጥገናው በቀጥታ አይገባላቸውም። አንዱ ሲጠገን ሌላው ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኤክስፒዲኤፍ 3.0 ኮድ ተወስዶ ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙበት ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተለየ፤ ስሙም ፖፕለር ተባለ (ስሙ ፊውቹራማ ከተባለው የካርቱን ተከታታይ የመጣ ነው)። ዛሬ ኦኩላርም ሆነ ሌሎች በሊኑክስ ላይ የታወቁት ማንበቢያዎች ፒዲኤፍ የሚከፍቱት በፖፕለር በኩል ነው። የባለሙያዋ ባልደረባም ፓቹን የጻፈው በትክክል ሲታይ በኦኩላር ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው በፖፕለር ላይ መሆን ነበረበት፤ ሥዕላዊ መመሪያውን የሚያመነጨው እሱ ነውና።

ኦኩላር ራሱ ከማስታወሻ ጋር በተያያዘ የራሱ ታሪክ አለው። እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ማስታወሻዎችን ፒዲኤፉ ውስጥ ማስቀመጥ አይችልም ነበር። በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ በተደበቀ ቦታ፣ በሰነዱ መጠንና ስም በተሰየመ ለብቻ ፋይል ያኖራቸው ነበር። ሰነዱን ለሌላ ሰው የላከ ሰው ማስታወሻው አብሮ አይሄድለትም። የፋይሉን ስም የለወጠ ሰው ማስታወሻዎቹ የጠፉ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ የጫነ ደግሞ በእርግጥም ያጣቸዋል። ለውጡ የመጣው ፖፕለር ማስታወሻ መጻፍ ሲችል ሲሆን፣ በተለመደው የማስቀመጫ ቁልፍ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፉ እንዲገባ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በወጣው ዕትም ነው።

ሌላው የሚጠቀሰው ዙርናል ነው። ዴኒስ ኦሩ የተባሉ የሒሳብ ሊቅ በብዕር በሚጻፍበት ስክሪን ላይ ማስታወሻ ለመያዝና ፒዲኤፍ ላይ ለመጻፍ የሠሩት ነበር። ተጠቃሚዎች የሚፈልጉትን እየጨመሩ ፓች ይልኩ ነበር፤ ሥዕል ማስገባትን የመሰለ ነገር እንኳ በዋናው ዕትም ውስጥ እስኪካተት ድረስ ለብቻው በሚዘዋወር ፓች ብቻ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ፈላጊው ፓቹን አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ መገንባት ነበረበት። በኋላ ሌሎች ሰዎች ሐሳቡን ወስደው በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፉትና ዙርናል ፕላስ ፕላስ ተባለ። ዋናው ዙርናል እያረጀ ሲሄድ በእርሱ ላይ ፓች የነበራቸው ሰዎች ሁሉ ምርጫ ገጠማቸው፤ ወይ ከአሮጌው ጋር መቅረት፣ ወይ ፓቻቸውን ፈጽሞ በማይመስል ኮድ ላይ እንደገና መጻፍ።

እንግዲህ ለአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ለአንድ ሰው ተግባራዊው ጥያቄ ፓችን እንዴት ማቆየት ይቻላል የሚለው ነው። የመጀመሪያው መልስ በተቻለ መጠን አለመጻፍ ነው። የማስታወሻ ጸሐፊ ስም፣ ቀለም፣ የመስመር ውፍረት፣ የመሣሪያዎች ዝርዝር፤ እነዚህ ሁሉ በኦኩላር ከማስተካከያ ገጹ የሚለወጡ ናቸው። ሰዎች ይህን ሳያዩ ኮድ ሲከፍቱ አጋጥሞኛል። ፕሮግራመር ለሆነ ሰው ኮድ መክፈት ደስ የሚል ሥራ ነው፤ የማስተካከያ ገጽ ማንበብ ግን አሰልቺ ነው።

ፓች የግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን፤ አንድ ፓች አንድ ነገር ብቻ ይሥራ። የኑዌር ፊደል እርማትና የቀለም ምርጫ በአንድ ፋይል ከተቀመጡ አንዱ ሲሰበር ሌላውም አብሮ ይወድቃል። አዲስ ተግባር በራሱ አዲስ ፋይል ውስጥ ተጽፎ፣ በነባሩ ኮድ ውስጥ የሚገባው አንድ የጥሪ መስመር ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ ነባሩ ኮድ ሲለወጥ የሚጋጨው ያ አንድ መስመር ብቻ ይሆናልና። የፓቹ ራስ ላይ ደግሞ ለምን እንደተጻፈ፣ በየትኛው ዕትም ላይ እንደተሠራ፣ ለዋናዎቹ ባለቤቶች ተልኮ እንደሆነና መጨረሻ የተሞከረበት ቀን ይጻፍ። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ስብስብ በሺሕ የሚቆጠሩ ፓኬጆችን ከነፓቻቸው የሚያስተዳድረው እነዚህን ነጥቦች በያዘ ወጥ መግለጫ ነው። ለደቢያን የሚያስፈልገው ለጋምቤላ አንድ ቢሮ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ቢሮው ያለው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ይዛወራል።

መሣሪያዎቹ አሉ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የተባለው የኮድ መዝገብ ዋነኛው ነው። በጊት የራስን ለውጥ በራስ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጦ አዲስ ዕትም ሲወጣ ቅርንጫፉን ከአሮጌው ግንድ ነቅሎ በአዲሱ ላይ መትከል ይቻላል። ግጭት ሲኖር ያቆማል፤ ሰው ያስተካክላል፤ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ የተፈታ ግጭት በሚቀጥለው ጊዜ ሲደገም መፍትሔውን አስታውሶ በራሱ የሚፈታበት ዘዴም አለው፤ ብዙዎች ግን መኖሩን አያውቁም። ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ ሙሉው ታሪክ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ሥራው ያለ ኢንተርኔት መካሄዱ ነው። አዲሱን ኮድ አዲስ አበባ ያለ ሰው አውርዶ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ ዲስክ መላክ ይችላል። ፍላሹ ረጅሙን መንገድ በአውቶቡስ ቢጓዝም ጊት ፋይሉን ከኢንተርኔት እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል።

ድግግሞሹ ግን የሚናቅ አይደለም። ፖፕለር በየወሩ ገደማ አዲስ ዕትም ያወጣል፤ የውስጥ አሠራሩ ሳይለወጥ እንደሚቆይም ለማንም ቃል አይገባም። የኦኩላርን ያየን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 መሠረቱን ከኪውት 5 ወደ ኪውት 6 አዛውሯል፤ በዚያ ወቅት መልክና መስኮት የሚነካ ፓች የነበረው ሰው ሁሉ እንደገና መሥራት ነበረበት። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕትም መከተል ጊዜ ማባከን ነው። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው ዕትሞች በየሁለት ዓመቱ ይወጣሉ፤ መደበኛ ድጋፋቸውም ለአምስት ዓመት ነው። ከእነዚህ ጋር መቆየትና ፓቹን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ማዛወር ለትንሽ ቢሮ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በራስ የተገነባው ፓኬጅ በመደበኛው እድሳት እንዳይተካ ‹‹ይህን ፓኬጅ አትንካ›› ብሎ ማገድ ይቻላል። አንዲት ትእዛዝ ናት፤ ሰዎች ወዲያው ይወዷታል። የምታግደው ግን አዲስ ነገሮችን ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጥገናዎችንም ነው። ፒዲኤፍ ደግሞ ከማይታወቅ ሰው የሚመጣ፣ ከፍተን የምናየው ፋይል ነው።

አደጋው በሐሳብ ደረጃ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኤንኤስኦ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር የአይፎን ስልኮችን ሰብሮ የሚገባበት መንገድ ተጋልጦ ነበር። የጉግል ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ታኅሣሥ እንዳስረዱት፣ ጥቃቱ የሥዕል ፋይል መስሎ በተላከ ፒዲኤፍ ውስጥ ያለን የተጨመቀ ምስል በሚፈታ ኮድ ላይ ያረፈ ነበር፤ ኮዱም ከላይ ከጠቀስነው ከኤክስፒዲኤፍ የመጣ ነው። ተመሳሳዩ ቀዳዳ በፖፕለር ውስጥ የተደፈነው በ2022 ነው። ከዚያ በፊት ፓኬጁን አግዶ የረሳ ሰው ዛሬም ክፍት በር ይዞ ተቀምጧል። ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ሪፖርት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በሐሰተኛ የፍላሽ ማሻሻያና በሐሰተኛ የፒዲኤፍ ተጨማሪ ፕሮግራም የስለላ ሶፍትዌር እንዲጭኑ ሲሞከርባቸው እንደነበር አሳይቷል። ማገድ ግዴታ ከሆነ የስርጭቱን የደኅንነት ማስታወቂያ የሚከታተልና ጥገና ሲወጣ ፓቹን በላዩ ላይ አድርጎ ወዲያው የሚገነባ ሰው መመደብ አለበት። ያ ሰው ከሌለ ባለሙያዋ ያለ ፓች ብትሠራና እርማቷን ተጠቅሎ በሚቀመጠው ሳጥን ውስጥ ብትጽፍ ይሻላል፤ ያኛው ዩኒኮድ ይቀበላልና።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። ኦኩላር፣ ፖፕለርና ዙርናል የሚሠራጩት ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ለራስ የተደረገን ለውጥ ለማንም እንድናሳይ አያስገድድም። የተለወጠውን ፕሮግራም ለሌላ መሥሪያ ቤት በፍላሽ የሰጠ ግን ምንጭ ኮዱንም የማግኘት መብት አብሮ መስጠት አለበት። በአገራችን የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ሥራ እንደመሆኑ የፈቃዱ ቃል ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም።

የቀረው ፓቹን ለባለቤቶቹ መላክ ነው። ብዙ የሚሸሹት ሥራ ነው፤ በእንግሊዝኛ ማስረዳት፣ የአጻጻፍ ደንባቸውን መከተል፣ አስተያየት ሲሰጡ መመለስና እንደገና መላክ ያስፈልጋል። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ከተቀበሉት ሸክሙ ከእኛ ጫንቃ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ኮዱን የለወጠ ሰው የእኛንም ክፍል አብሮ እንዲያስተካክል ይገደዳል። ሰዎች ፓቻቸውን የማይልኩበት ዋናው ምክንያት ‹‹የእኔ ችግር የእኔ ብቻ ነው›› የሚል ግምት ነው። የፊደሉ ጉዳይ ግን ይህን ግምት ያፈርሰዋል። የኢትዮጵያ፣ የአረብ፣ የቻይናና የሩሲያ ተጠቃሚዎች በአንድ ጉድለት ላይ ሲቸገሩ ኖረዋል፤ በ2020ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዓመታት ፖፕለር የጎደለ ፊደል ሲያጋጥመው በኮምፒውተሩ ላይ የሚገኝ ሌላ ፎንት ፈልጎ ሰነዱ ውስጥ የመክተት ችሎታ ተጨምሮለታል። ለአማርኛ ፓች ይዞ የነበረ ሰው ከዚያ በኋላ ማድረግ ያለበት ፓቹን መሰረዝ ነው። ይህም ቢሆን ክትትል ይጠይቃል፤ ዋናው ፕሮግራም ችግሩን በራሱ መንገድ ከፈታው በኋላ የድሮው ፓች ሳይወጣ ከቀረ ሁለቱ መፍትሔዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ።

የኑዌሯ ሁለት ነጥብ ያላት የተከፈተች ‹‹ኢ›› ግን ለየብቻ መፈተን አለባት። ፎንቱ ተገኝቶ ምልክቱ በቦታው ካልተቀመጠ ችግሩ ገና አልተፈታም፤ ይህንንም ከአውሮፓ ሆኖ ኮዱን የሚጽፍ ሰው በዓይኑ ሊያውቀው አይችልም። ለእርሱ የሚጠቅመው ረጅም ደብዳቤ አይደለም። አንድ ገጽ ፒዲኤፍ፣ በላዩ ላይ በሁሉም አናባቢዎች የተጻፈ ማስታወሻ፣ በአጠገቡ ትክክለኛው ቅርጽ በእጅ ተጽፎና ፎቶ ተነሥቶ፣ የዋለው ፎንት ስምና የፕሮግራሙ ዕትም ቁጥር። ይህን ለማዘጋጀት ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ ጋምቤላ ያለችው የቋንቋ ባለሙያ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች።